ቀደር እና ሚንግ፦ በእስልምናና በኮንፊሽየሳዊ አስተሳሰብ ስለ ዕድል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው፤ «ቅ.ል.ክ.» የሚለው ምህጻረ ቃል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረውን ዘመን ያመለክታል።

«ዕጣ ፈንታ» የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለቱን ሐሳቦች በትክክል ይገልጻቸዋል?

አይገልጻቸውም፤ በዚህ ርእስ ላይ ከሚነሡት አለመግባባቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩትም ከዚሁ ቃል ነው። ዕጣ የሚጣል ነገር ነው፤ ለማን እንደሚወጣ የሚጥለውም ሰው አያውቅም፣ የሚደርሰውም ሰው አይጠየቅበትም። ፈንታ ደግሞ ድርሻ ነው። ስለዚህ «ዕጣ ፈንታዬ ነው» የሚል ሰው ማንም ሳያስብበት የወጣለትን ድርሻ እንደተቀበለ መናገሩ ነው።

ዐረብኛው «ቀደር» ግን መለካትን፣ መመጠንንና መቻልን ከሚያመለክት ሥር የወጣ ቃል ነው። ቁርኣን ሁሉም ነገር በልክ መፈጠሩን ሲናገር (54፥49) የሚጠቀመው በዚሁ ቃል ነው። ልክ ካለ የሚለካ አለ፣ የሚለካውም የሚለካውን ነገር ያውቀዋል፤ በዚህ ረገድ ቀደር የዕጣ ተቃራኒ ነው። ዐረቦች በፍላጻ እንጨት ዕጣ እየጣሉ ጉዳያቸውን ይወስኑበት የነበረውን ልማድ ቁርኣን በአምስተኛው ሱራ መከልከሉንም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ቻይንኛው «ሚንግ» ደግሞ በመጀመሪያ ትርጉሙ ትእዛዝ ማለት ነው። የቃሉ ፊደል እንኳ አፍን ከሚወክል ምልክትና ማዘዝን ከሚወክል ምልክት የተሠራ ነው። ቃሉ ቆይቶ ዕድሜን፣ ሕይወትንና ከሰው አቅም በላይ የሆነን ነገር ሁሉ ወደ ማመልከት ሰፋ። እንግዲህ በአንድ ወገን ልክ፣ በሌላው ወገን ትእዛዝ አለ፤ ዕጣ ግን በሁለቱም ዘንድ የለም። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች ሁለቱን ቃላት ሳልተረጉም ቀደርና ሚንግ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ቀደር በእስልምና እምነት ውስጥ ምን ቦታ አለው?

ከስድስቱ የእምነት መሠረቶች አንዱ ነው። ሙስሊም በተባለው ሊቅ የሐዲስ (የነቢዩ ንግግሮችና ተግባራት ዘገባ) ስብስብ ውስጥ በሚገኘውና «የጂብሪል ሐዲስ» ተብሎ በሚታወቀው ዘገባ፣ ነጭ ልብስ የለበሰ እንግዳ ሰው ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦ ኢማን (እምነት) ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው፣ በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልእክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር፣ በበጎውም በክፉውም፣ ማመን እንደሆነ መልሰውለታል። ዘገባው የተነገረበት አጋጣሚ ራሱ ትምህርት ሰጪ ነው። ከበስራ የመጡ ሁለት ሰዎች በአገራቸው ቀደርን የሚክዱ ሰዎች መነሣታቸውን ለዐብዱላህ ኢብን ዑመር ቢነግሩት፣ እርሱ ከአባቱ ከዑመር የሰማውን ይህን ሐዲስ በመልስነት ተረከላቸው። ስለዚህ ክርክሩ ሶሓቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) በሕይወት እያሉ የተጀመረ ነው።

ሊቃውንት ቀደርን በአራት ደረጃ ያስረዳሉ፦ አላህ ሁሉን አስቀድሞ ያውቃል፣ ያወቀውን በተጠበቀው ሰሌዳ (አል-ለውሕ አል-መሕፉዝ) ጽፎታል፣ ያለ ፈቃዱ አንዳች አይሆንም፣ የሚሆነውንም ሁሉ የሚፈጥረው እርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች የካዱ ጥቂቶች ሲሆኑ፣ ረጅሙ ሙግት የተካሄደው በሦስተኛውና በተለይም በአራተኛው ላይ ነው።

ሁሉ ነገር አስቀድሞ ከተጻፈ መሥራት፣ መታከምና መጠንቀቅ ምን ይጠቅማል?

ይህንን ጥያቄ ከማንም በፊት ያነሡት ሶሓቦች ራሳቸው ናቸው። በመዲና በበቂዕ መካነ መቃብር በአንድ ቀብር ላይ ነቢዩ አንገታቸውን ደፍተው በእጃቸው በያዙት በትር መሬቱን እየጫሩ፣ የእያንዳንዱ ሰው መኖሪያ በጀነት ወይም በእሳት ውስጥ መጻፉን ተናገሩ። «ታዲያ በተጻፈልን ተማምነን ሥራን ለምን አንተውም?» ተብለው ሲጠየቁ የመለሱት፣ «ሥሩ፤ ሁሉም ለተፈጠረለት ነገር ይገራለታልና» የሚል ነው፤ ቀጥለውም ስለሚሰጥና ስለሚጠነቀቅ፣ ስለሚሰስትና ስለሚኩራራ ሰው የሚናገሩትን የሱረቱ-ለይል አንቀጾች (92፥5 እስከ 10) አነበቡ። መልሳቸው የጠያቂዎቹን ዐይን ከሰሌዳው አንሥቶ በእጃቸው ወዳለው ሥራ የሚመልስ ነው። የተጻፈልህን አታውቅም፤ ዛሬ የምትሠራውን ግን ታውቃለህ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቡኻሪና ሙስሊም በተባሉት የሐዲስ ሰብሳቢዎች የተዘገበው የሁለተኛው ኸሊፋ የዑመር ኢብን አል-ኸጧብ ታሪክ ነው። በ639 ገደማ ዑመር ወደ ሻም (ሶርያና አካባቢዋ) ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ቦታ ሲደርሱ በአገሩ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን (ከመካ የተሰደዱትን) አማከሩ፣ በሐሳብ ተለያዩ፤ አንሷሮችን (የመዲና ረዳቶችን) አማከሩ፣ እነርሱም ተለያዩ፤ በመጨረሻ በመካ መከፈት ዘመን የተሰደዱ የቁረይሽ ሽማግሌዎች ተጠርተው በአንድ ቃል «ይመለሱ» አሉ። ዑመር ሊመለሱ ሲነሡ የጦሩ አዛዥ አቡ ዑበይዳ፣ «ከአላህ ቀደር ሽሽት ነውን?» ሲል ተቃወመ። ዑመርም፣ «ይህን ሌላ ሰው ብሎት በሆነ! አዎን፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንሸሻለን» አሉ። አስከትለውም ምሳሌ ሰጡት፦ ግመሎችህን ይዘህ አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ዳር ደረቅ ከሆነ ሸለቆ ብትወርድ፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር አይደለምን? በደረቁ ብታሰማራስ በአላህ ቀደር አይደለምን?

እረኝነትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እረኛው ሣሩን አላበቀለም፣ ዝናቡንም አላዘነበም፤ ግመሎቹን ወደ ድርቁ ነድቶ ቢያስርባቸው ግን ባለቤቱ «ቀደር ነው» የሚለውን መልስ አይቀበለውም። ከዚህ በኋላ ዐብድ-ረሕማን ኢብን ዐውፍ መጥቶ፣ ወረርሽኝ ባለበት አገር እንዳይገባ፣ ካሉበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ ያዘዙትን መስማቱን ተናገረ፤ ዑመርም አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ከሠራዊቱ ጋር ቀርቶ በዚያው የዐምዋስ ወረርሽኝ ሞተ።

የእኛ አገር ሙስሊሞች «ሰበብ ማድረስ» የሚሉት ይህንኑ ነው፦ ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ዘር መዝራት፣ በር መዝጋት፣ ከዚያም ውጤቱን ለአላህ መተው። ቲርሚዚ በተባለው የሐዲስ ሰብሳቢ የተዘገበው «ግመልህን እሰራትና በአላህ ተመካ» የሚለው ምክርም ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀምጣቸዋል፤ ማሰሩ ከመመካቱ ይቀድማል።

ሙስሊም ሊቃውንት በሰው ነጻ ፈቃድ ጉዳይ ተስማምተዋል?

አልተስማሙም። ቀደሪያ የተባሉት ወገኖች ሰው የሥራው ባለቤት ራሱ ነው ሲሉ፣ ጀብሪያ የተባሉት ደግሞ ሰው ነፋስ እንደሚያንቀሳቅሰው ላባ ነው ወደ ማለት አዘነበሉ። በክርክሩ ውስጥ ፖለቲካም ነበረበት። የበስራው መዕበድ አል-ጁሀኒ ወደ ሐሰን አል-በስሪ (በ728 የሞቱት) ዘንድ ሄዶ፣ የኡመያ ሥርወ መንግሥት ገዥዎች ደም እያፈሰሱና ገንዘብ እየዘረፉ «የምንሠራው በአላህ ቀደር ነው» እንደሚሉ ሲነግራቸው፣ «የአላህ ጠላቶች ዋሹ» እንዳሉት ይተረካል። መዕበድ በ700 ገደማ፣ ጘይላን ዲመሽቂ ደግሞ በኡመያው ኸሊፋ በሂሻም ዘመን ተገድለዋል።

ሙዕተዚላዎች የተባሉት የሥነ መለኮት ወገኖች ከአላህ ፍትሕ ተነሥተው ተከራከሩ፤ ሰው የራሱን ሥራ ካልፈጠረ በሥራው መቅጣት ግፍ ይሆናል፣ አላህ ደግሞ ከግፍ የጠራ ነው አሉ። በ936 ገደማ የሞቱት አቡል-ሐሰን አል-አሽዓሪ ቀድሞ ከእነርሱው ወገን የነበሩ ሲሆን፣ በኋላ ተለይተው ሥራን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ሰው ግን ያንን ሥራ «ይይዘዋል፣ ገንዘቡ ያደርገዋል» የሚል መንገድ አቀኑ፤ ይህ በዐረብኛ «ከስብ» ይባላል። ማስረጃቸው ከዕለት ኑሮ የተወሰደ ነው፦ በብርድ የሚንቀጠቀጥ እጅና አስቦ የሚዘረጋ እጅ አንድ እንዳልሆኑ ማንም ሰው በራሱ ያውቀዋል። በሳመርቀንድ የኖሩት አል-ማቱሪዲ (በ944 የሞቱት) ለሰው ምርጫ ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተዋል። ከስብ ችግሩን ይፈታዋል ወይስ ስም ብቻ ይሰጠዋል የሚለው ሙግት እስከ ዛሬ አልበረደም፤ እኔም ስም መስጠት ብቻውን ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከመናገር አላልፍም።

ዱዓ (ልመና) ቀደርን ይለውጣል?

በቲርሚዚ የተዘገበ ሐዲስ ውሳኔን የሚመልስ ዱዓ ብቻ እንደሆነ ይናገራል፤ ቁርኣንም አላህ የሚሻውን እንደሚሰርዝና እንደሚያጸና፣ የመጽሐፉም እናት (ዋናው መዝገብ) በእርሱ ዘንድ እንደሆነች ይገልጻል (13፥39)። ብዙ ሊቃውንት የሚሰረዘውና የሚጸናው በመላእክት እጅ ያለው መዝገብ ነው፣ የመጽሐፉ እናት ግን አይለወጥም ይላሉ። በዚህ አተረጓጎም ዱዓው ራሱ ከተጻፈው ውስጥ ነው፤ በሽታው እንደተጻፈ ሁሉ ለምኖ መዳኑም ተጽፏል።

ኃጢአትን በቀደር ማመካኘት ግን አይፈቀድም። «እንዲህ ባደርግ ኖሮ» የሚለው ጸጸት የሰይጣንን ሥራ ስለሚከፍት፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ «ቀደር ነው፣ አላህ የሻውን አደረገ» ማለት እንደሚገባ ሙስሊም የዘገበው ሐዲስ ሲያስተምር፣ ያው ሐዲስ አስቀድሞ «በሚጠቅምህ ነገር ላይ ትጋ፣ አትስነፍ» ይላል። እንደ ኢብን ተይሚያ ያሉ ሊቃውንትም ቀደር ለደረሰ መከራ መጽናኛ እንጂ ለተሠራ ኃጢአት ማመካኛ አይሆንም ብለዋል።

ኮንፊሽየሳዊው ሚንግ ከየት መጣ?

ከቻይናዊው አሳቢ ከኮንፊሽየስ በፊት ከነበረ የመንግሥት ጉዳይ ነው። በ1046 ቅ.ል.ክ. ገደማ የዦው ሕዝብ የሻንግን ሥርወ መንግሥት ገልብጦ ሥልጣን ሲይዝ፣ ድሉን ያስረዳው «ቲያን ሚንግ»፣ ማለትም የሰማይ ትእዛዝ፣ በሚል ሐሳብ ነበር። ሰማይ ለሻንግ ሰጥቶት የነበረውን ትእዛዝ በነገሥታቱ ብልሹነት ምክንያት ነጥቆ ለዦው ሰጠ ተባለ። ይህ ግን ሁለት አፍ ያለው ቢላዋ ነበር፤ የተነጠቀ ነገር ዳግመኛ ሊነጠቅ ይችላልና፣ የዦው መዝሙሮች ራሳቸው የሰማይ ትእዛዝ ቋሚ እንዳልሆነ ያስጠነቅቃሉ። ቻይናውያን ዛሬም አብዮትን «ገሚንግ» ይሉታል፣ ትእዛዙን መለወጥ እንደማለት ነው።

እዚህ ላይ ከኡመያዎቹ ጋር ያለው ንጽጽር ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትም። በአንዱ አገር ገዥዎች የላይኛውን ውሳኔ ከተጠያቂነት መሸሸጊያ አደረጉት፤ በሌላው አገር ያው የላይኛው ውሳኔ ገዥውን መክሰሻ ሆነ። ነገር ግን የቻይናው ሐሳብም ለአሸናፊ የሚመች ነበር፤ ዙፋኑን የያዘ ሁሉ ትእዛዙ እንደተሰጠው ይናገር ነበርና።

ኮንፊሽየስ ራሱ ስለ ሚንግ ምን አለ?

የሉ አገር ሰው የነበረው ኮንፊሽየስ (551–479 ቅ.ል.ክ.) ስለ ሚንግ ትምህርት አደራጅቶ አላስተማረም። ተማሪዎቹ ካሰባሰቡት «ሉን ዩ» ከተባለው መጽሐፍ የምናገኘው አጫጭር ንግግሮችን ሲሆን፣ አብዛኛዎቹ የተነገሩት በጭንቅ ሰዓት ነው። ተማሪው ቦ ኒዩ በጽኑ ሕመም ላይ ሳለ ኮንፊሽየስ ሊጠይቀው ሄዶ በመስኮት በኩል እጁን ይዞ፣ «ሊጠፋ ነው፤ ሚንግ ነው! እንዲህ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ደዌ ይያዘው!» እያለ አዘነ። ይህ ፍልስፍና ከመሆኑ በፊት የአስተማሪ ልቅሶ ነው።

በሌላ ቦታ ሚንግ ድፍረት ይሆናል። ኳንግ በተባለ ስፍራ ከብበው ሊገድሉት የመጡ ሰዎች ሳሉ፣ የጥንቱን የዦው ንጉሥ የወንን ሥልጣኔ የተረከበው እርሱ መሆኑን ተናግሮ፣ ሰማይ ይህ ሥልጣኔ እንዲጠፋ ካልፈቀደ የኳንግ ሰዎች ምን ሊያደርጉኝ ይችላሉ አለ። ስለ ራሱ ሕይወት ሲናገርም በ50 ዓመቱ የሰማይን ትእዛዝ እንዳወቀ ገልጿል፤ የመጽሐፉ መጨረሻ ደግሞ ሚንግን የማያውቅ ጨዋ ሰው ሊሆን አይችልም ይላል። (ቻይናውያን «ጁንዚ» የሚሉትን ሰው «ጨዋ» ከማለት የተሻለ የአማርኛ ቃል አላገኘሁለትም፤ ቃሉ በሁለቱም ቋንቋ ከትውልድ ተነሥቶ ወደ ጠባይ የተሻገረ ነውና።)

ሰፊውን መልስ የሰጠው ግን ተማሪው ዚሻ ነው። ሲማ ኒዩ የተባለ ጓደኛው «ሰው ሁሉ ወንድም አለው፣ እኔ ብቻ የለኝም» ብሎ ቢያዝን፣ ዚሻ ሞትና ሕይወት በሚንግ እንደሆኑ፣ ሀብትና ክብርም በሰማይ እጅ እንዳሉ መስማቱን ነገረው። ይህን ብቻ ነጥለው የሚጠቅሱ ሰዎች ኮንፊሽየሳውያንን ለዕድል እጅ የሰጡ አስመስለዋቸዋል። ዚሻ ግን አላቆመም፤ ጨዋ ሰው ተግባሩን በጥንቃቄ ከፈጸመና ሰውን በአክብሮት ከያዘ በአራቱ ባሕሮች መካከል ያለ ሁሉ ወንድሙ ነው ሲል ቀጠለ። ወንድም መወለድ አለመወለዱ ሚንግ ነው፤ ወንድም ማፍራት ግን የሲማ ኒዩ ሥራ ነው።

ሜንሲየስ በዚህ ላይ ምን ጨመረ?

ወሰኑን አሰመረ። በአራተኛው መቶ ዓመት ቅ.ል.ክ. የኖረው ሜንሲየስ፣ የሚፈለጉ ነገሮችን በሁለት ይከፍላቸዋል። ብትፈልጋቸው የምታገኛቸው፣ ብትተዋቸው የምታጣቸው አሉ፤ እነዚህ በውስጥህ ያሉ መልካም ጠባዮች ናቸው። ለመፈለጋቸው ሥርዓት ያላቸው፣ መገኘታቸው ግን በሚንግ የሆነ ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ሹመት፣ ሀብትና ዕድሜን የመሳሰሉ ከውጭ የሚመጡ ናቸው።

ከዚህ ጋር የማይረሳ ምሳሌ ሰጥቷል፦ ሁሉም በሚንግ ቢሆንም፣ ሚንግን የሚያውቅ ሰው ሊወድቅ ከተቃረበ ግንብ ሥር አይቆምም። መንገዱን ፈጽሞ የሞተ በትክክለኛው ሚንግ ሞተ፤ በወንጀል ታስሮ በእግር ብረት የሞተ ግን ትክክለኛ ሚንጉ አይደለም። ይህ ግንብና የዑመር ሸለቆ በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የተራራቁ፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይተዋወቁ ናቸው፤ ሆኖም አንዱን አንብቦ ሌላውን ያላስታወሰ አንባቢ ያለ አይመስለኝም።

ተቃዋሚ አልነበራቸውም?

ነበራቸው። ሞዚ የተባለው አሳቢ «ሚንግን መቃወም» በሚል ርእስ በተላለፉልን ምዕራፎች፣ ሀብትና ድህነት በሚንግ ነው ብሎ ማስተማር ገበሬውን ከእርሻው፣ ሹሙን ከሥራው ያርቃል በማለት ኮንፊሽየሳውያንን ከሰሰ። ከራሳቸው ወገን የነበረው ሹንዚ ደግሞ ሰማይን ከሰው ጉዳይ ለየው፤ የሰማይ አካሄድ ለደግ ንጉሥ ብሎ አይኖርም፣ ለክፉ ንጉሥ ብሎም አይጠፋም አለ። ለዝናብ ተሠውቶ ቢዘንብስ ምን ማለት ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ምንም ማለት አይደለም፣ ሳይሠዋም ይዘንባል የሚል መልስ አለው።

ቲያን (ሰማይ) እና አላህ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ትልቁ ልዩነትም እዚህ ላይ ነው። አላህ ይናገራል፣ መልእክተኛ ይልካል፣ ይለመናል፣ ይምራል፣ ይጠይቃል። ቲያን በኮንፊሽየስ አንደበት አንዳንድ ጊዜ ሐሳብ ያለው ይመስላል፤ ነገር ግን ኮንፊሽየስ ራሱ «ሰማይ መቼ ይናገራል? አራቱ ወቅቶች ይሄዳሉ፣ ፍጥረታት ይወለዳሉ» ብሏል። ስለዚህ ሙስሊሙ መከራ ሲደርስበት የሚያነጋግረው አለ፤ ኮንፊሽየሳዊው የሚያደርገው ሰማይን አለመውቀስና ወደ ራሱ መመለስ ነው።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ደግ ሰው ተጎድቶ ክፉ ሰው ሲከብር ነው። በእስልምና ሒሳቡ በዚህ ዓለም አይዘጋም፤ የትንሣኤ ቀን አለ። ኮንፊሽየስ ግን ስለ ሞት ሲጠየቅ «ሕይወትን ሳታውቅ ሞትን እንዴት ታውቃለህ?» ብሎ በሩን ዘጋው። ስለዚህ ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት በዉ ትእዛዝ የመሰለብን ቅጣት የተቀበለው ሰው፣ ጻድቃን በረኀብ ሲሞቱና ወንበዴ ሸምግሎ በሰላም ሲሞት አይቶ፣ የሰማይ መንገድ የሚባለው ትክክል ነው ወይስ ስሕተት ብሎ በግልጽ ጠየቀ። ጥያቄው መልስ አላገኘም፤ ጨዋው ሰው ዋጋ ሳይጠብቅ መልካም መሥራት እንዳለበት ብቻ ታወቀ። ኮንፊሽየስን በር ጠባቂው እንዳለው፣ «እንደማይሆን እያወቀ የሚያደርገው ሰው» ማለት ይህ ነው።

ዕድልን በጠንቋይ ወይም በኮከብ ማወቅ ይፈቀዳል?

በእስልምና ክልክል ነው፤ ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ሙስሊም ዘግቧል። በቻይና ሕዝብ ዘንድ ሚንግን በልደት ሰዓት ማስላት የተስፋፋ ልማድ ነው፤ ሹንዚ ግን የለውጦችን መጽሐፍ (ጥንታዊውን የቻይና የጥንቆላ መጽሐፍ) በሚገባ ያወቀ ሰው አይጠነቁልበትም ይላል።

የእኛ «የአርባ ቀን ዕድል» ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ኢብን መስዑድ ያስተላለፈው ታዋቂ ሐዲስ ጽንስ በእናቱ ማሕፀን በአርባ አርባ ቀን ሲለዋወጥ ቆይቶ፣ መልአክ ተልኮ ሲሳዩን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ መታደሉን ወይም አለመታደሉን እንደሚጽፍ ይናገራል። «የአርባ ቀን ዕድሌ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ይህን ለሰማ ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ነገር ግን አርባ ቀን በኦርቶዶክስ ክርስትናም ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣበት ቀን ስለሆነ፣ በቁጥሩ መመሳሰል ብቻ አነጋገሩን ለአንዱ ሃይማኖት መስጠት አይገባም።

ሁለቱ አስተሳሰቦች በታሪክ ተገናኝተው ያውቃሉ?

አዎን፣ በቻይናውያን ሙስሊሞች እጅ። በናንጂንግ ያደገው ዋንግ ዳይዩ የቻይንኛ መጻሕፍትን ማጥናት የጀመረው ካደገ በኋላ ነው፤ በ1642 ባሳተመው መጽሐፉ ግን እስልምናን በኮንፊሽየሳውያን ቋንቋ አስረዳ። ስለ ቀደር የጻፈበትን ምዕራፍ የሰየመው «ሚንግ» ብሎ ሳይሆን «ቺየንዲንግ»፣ ማለትም «አስቀድሞ የተወሰነ» ብሎ ነው። አስቀድሞ የተወሰነ ከሌለ የራስ ፈቃድ አይኖርም፣ ያለ ራስ ፈቃድም አስቀድሞ የተወሰነው አይገለጥም፣ አንዱም ሌላውን አያግደውም ሲል ጻፈ። ሁለቱ ጎን ለጎን የቆሙ ቢመስሉም እኩያሞች አለመሆናቸውንም ጨመረ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሌላው የናንጂንግ ሊቅ ልዩ ዢ በ1704 ባወጣው ሥራው ይህንኑ መንገድ አሰፋው። ለእኔ የዋንግ ዳይዩ የቃል ምርጫ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የኖረበት ሰው ቀደርን በሚንግ ብቻ መተርጎም እንደማይበቃ ዐውቆ ነበር።

ለሐዘንተኛ «ቀደር ነው፣ አታልቅስ» ማለት ተገቢ ነው?

የመጀመሪያው ክፍል ተገቢ ነው፤ ቁርኣን መከራ ሁሉ ከመፈጠሩ በፊት መጻፉን የሚናገረው ሰዎች ባመለጣቸው ነገር እንዳያዝኑ፣ በተሰጣቸውም እንዳይታበዩ መሆኑን ይገልጻል (57፥22–23)። «አታልቅስ» የሚለው ግን ከቀደር እምነት የሚመነጭ አይደለም። ነቢዩ ሕፃን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዐይናቸው እንባ አፍስሷል፤ ሲጠየቁም ዐይን ታለቅሳለች፣ ልብ ያዝናል፣ ጌታችንን ከሚያስደስት በቀር ግን አንናገርም አሉ። በዚያው ቀን ፀሐይ ስትጨልም ሰዎች ለኢብራሂም ሞት ነው ቢሉ፣ ፀሐይና ጨረቃ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት ብለው እንደማይጨልሙ ተናገሩ።

ኮንፊሽየስም ከሁሉ የሚወደው ተማሪው የን ኽዌይ በወጣትነቱ ሲሞት «ሰማይ አጠፋኝ!» እያለ አለቀሰ። አብረውት የነበሩት ሐዘኑ ልክ እንዳለፈ ቢነግሩት፣ «ልክ አለፈን? ለዚህ ሰው ያላዘንኩ ለማን ላዝን?» አላቸው።